የሚመለሱ ሰዎች ቁም ሣጥን

ስምንት ዓመቴ ላይ አንዲት ሴት ከውጭ አገር እስር ቤት ያስፈታሁ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ዝም አላልኩም፤ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አስተማሪያችን «ጎበዝ» አለችኝና ወደ ማባዛቷ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት የምማረው ጠዋት ብቻ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እናቴ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ ጸሐፊ ነበረች። የምትሠራበት ክፍል፣ ውጭ አገር ሄደው የታሰሩ ዜጎችን ጉዳይ ይከታተላል የሚባል ክፍል ነው። በሩ ላይ ረጅም ስም ተለጥፎበታል፤ አንድም ቀን አንብቤ አልጨረስኩትም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል መስታወት አለ፤ መስታወቱ ላይ የሻይ ሳህን የሚያክል ክብ ቀዳዳ ተቆርጦበታል። ከመስታወቱ ወዲያ ቤተሰቦች ቆመው ይጠብቃሉ። ከመስታወቱ ወዲህ እናቴ፣ የጽሕፈት መኪናዋ፣ ፋይል የተከመረበት ጠረጴዛና እኔ አለን። የእኔ ወንበር የተገለበጠ የወረቀት ሣጥን ነበር። ክፍሉ የካርቦን ወረቀትና የረጠበ ካፖርት ይሸታል።

በውስጠኛው ክፍል የእናቴ አለቃ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ በሌለበት «ቶሎ ቶሎ» ነበር የሚሉት፣ ማንኛውንም ወረቀት ሲያቀብል «ቶሎ ቶሎ» ስለሚል። በዚያ ቢሮ ቶሎ የሚደርሰው ደግሞ ሻይ ብቻ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ባየኝ ቁጥር እርሳስ ቀርጾ ይሰጠኛል።

እናቴ ቀኑን ሙሉ የምትጽፈው አንድ ደብዳቤ ነው። በቃሌ ሸምድጄው ስለነበር ዛሬም እንቅልፍ ይዞኝ ብጠየቅ አልሳሳትም። «የታሰሩትን ልጅዎን በተመለከተ ያቀረቡት ማመልከቻ ደርሶናል። መንግሥት ጉዳዩን በቅርብ እየተከታተለው መሆኑን እየገለጽን፣ በትዕግሥት እንዲጠባበቁ እናሳስባለን።» ስምና ቁጥር ብቻ ይቀያየራል። አንዳንዴ በ«ልጅዎን» ፋንታ «ባለቤትዎን» ወይም «እህትዎን» ይገባል። አለቃው ይፈርማል፣ እናቴ ማኅተም ትመታለች፣ ወረቀቱ በቀዳዳው ይወጣል። እኔ የሐኪም ማዘዣ ይመስለኝ ነበር። ሰው ይቸገራል፣ ይጻፍለታል፣ ይዞ ይሄዳል፣ ይድናል።

ከጠረጴዛው ጀርባ ግራጫ የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል። ፋይሎቹ በሲባጎ ታስረው ጠረጴዛው ላይ ይከመራሉ፤ ከስንት አንዴ እናቴ አንዱን ታነሣና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ታስገባዋለች። ያን ቀን ከእሷ ጋር ጨዋታ የለም። ሻይዋም ሳይነካ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ፋይሉ ቁም ሣጥን የገባለት ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ መስታወቱ ጋ አይመጣም። ሰኞ ሰኞ እያሳለች የምትመጣ ቡናማ ሻርፕ የምታደርግ ሴትዮ ነበረች። የባሏ ፋይል ገባ፣ ሴትዮዋ ቀረች። መንታ ወንድማማቾች ነበሩ። የእናታቸው ፋይል ገባ፣ እነሱም ቀሩ። እናቴን «ባለ ሻርፗስ?» ብላት «ከእንግዲህ አትመጣም» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። ሰው የሚፈልገውን ካገኘ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቁም ሣጥኑን በልቤ «የሚመለሱ ሰዎች ቁም ሣጥን» አልኩት፤ ለማንም ሳልነግር።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚገቡት እስር ቤት የሞቱት፣ ፍርዱ የጸናባቸውና ቤተሰብ ተስፋ የቆረጠባቸው ሰዎች ፋይሎች ነበሩ። የባለ ሻርፗ ባል ከሟቾቹ አንዱ ነው።

ከሚጠብቁት አንዱ ሰዓት ሠሪ ነበር። የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ የታሰረችው ልጁ ከእስር ቤት ስልክ እንድትደውል የሚፈቀድላት ረቡዕ ማታ ለአምስት ደቂቃ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት ወሬ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረው። አጉሊ መነጽሩን ሲያጠልቅ ስለሚውል በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ የማይጠፋ ክብ ሰንበር አለ። ገና ከበሩ «አለቃ፣ ዛሬስ ምን ወሰናችሁ?» ይለኛል። እኔም አፌን ሞልቼ «ጉዳዩ እየታየ ነው» እለዋለሁ። ይስቅና በቀዳዳው ከረሜላ ያሾልክልኛል። ቀልዱ ነው ብዬ መች አሰብኩ። ከመስታወቱ ወዲህ የተቀመጥኩት እኔ፣ ከወዲያ የቆመው እሱ፤ አለቃ ካለኝ አለቃ ነኝ ማለት ነው።

ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሰው ቤት አሮጊት ልትጦር ውጭ አገር ሄደች፤ ዓመት ሳይሞላት ከቤቱ ወርቅ ጠፋ ተባለና ታሰረች። የአገሩን ቋንቋ አታውቅም። ጠበቃም የላትም። ሰዓት ሠሪው ይህን ለእናቴ ሲነግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። ሁልጊዜ የሚጨርሰው «ሲሰጧት እንኳ ሁለቴ ጠይቃ ነው የምትቀበል» ብሎ ነበር።

አንድ ረቡዕ ሲመጣ ግን «አለቃ» አላለኝም። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«የኔ እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት እናቴን። «ወረቀት አቅርበውላታል። ሰርቄያለሁ ብላ ከፈረመች ስምንት ወር ታስራ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ካልፈረመች ችሎት ትቀርባለች። የቀራት ሁለት ሳምንት ነው።»

«እሷ ምን ትላለች?»

«እሷማ አልሰረቅሁም ነው የምትለው። አልሰረቀችማ። ግን አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ አለች። ምን ልበላት? ትፈርም ወይስ አትፈርም?»

የእናቴ እጆች የጽሕፈት መኪናው ላይ ቀሩ። «አባባ፣ ምክር መስጠት አልችልም። አይፈቀድልኝም።»

«ምክር አይደለም የምጠይቅሽ። ችሎት ከቀረበች ከእናንተ ሰው አብሯት ይቆማል ወይስ አይቆምም? አስተርጓሚ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው። እሱን ብቻ ንገሪኝ። የሚቆም ካለ አትፈርምም፣ ስሟን ይዛ ትምጣልኝ። የሚቆም ከሌለ ሌባም ተብላ ቢሆን ትምጣልኝ።»

እናቴ «ጠይቄ ልምጣ» ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ከእነሱ ጋር እኮ ውል ልንፈራረም ነው» ይላል አለቃው። «ስንት ሺህ ሰው ሥራ የሚያገኝበት ውል። ለአንዲት ሠራተኛ ብለን ኤምባሲያችን ፍርድ ቤት ገብቶ ይሟገት?»

«የእኛ ሰው ናት እኮ።»

«የእኛ ሰው ስለሆነች ነው እንድትታገሰን የምንጠይቃት።»

«እንግዲያው ማንም አይሄድም ብዬ ልንገራቸው?»

«እንደዚያ ተብሎ አይነገርም። ደብዳቤውን ስጪውና ይሂድ። ቶሎ ቶሎ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የቀረሁት «ውል ልንፈራረም ነው» የሚለውን ነው። ውል የሚፈራረሙት ሊለቋት ተስማምተው ነው ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ወጥታ ያንኑ ደብዳቤ ጻፈች። ሰዓት ሠሪው ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «በቅርብ እየተከታተለው መሆኑን…» ላይ ቆመ።

«ይኼ ሰው ይቆማል ማለት ነው?»

«የተጻፈው ነው ያለኝ፣ አባባ።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ዛሬ ምንም አልላትም። ሳምንት ላስብበት» አለ።

ያን ዕለት በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ የእኛን ፌርማታ አሳልፋ ሁለት ፌርማታ ተጓዘች። እኔ ልታዝናናኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በእግራችን ተመለስን።

በማግሥቱ ሐሙስ እናቴ ወረቀት ልታመጣ ምድር ቤት ወረደች። ሰዓት ሠሪው ሳይስቅ መሄዱ አንጀቴን በልቶት ነበር። አለቃ አይደለሁም እንዴ? ክምሩን ፈታትሼ የልጁን ፋይል አገኘሁት። ወፍራም የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ ስስ ነው። ውስጡ የእሱ የራሱ ማመልከቻዎች ብቻ ነበሩ፣ አንድ ላይ ተሰፍተው። ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰድኩት፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ከባለ ሻርፗ ባል አጠገብ አስገባሁትና በሩን ገጠምኩ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከዛሬ ለምን አላስገቡላትም ብዬ በትልልቆቹ ተናደድኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሰዓት ሠሪው ከወትሮው ቀድሞ መጣ። እናቴ ማስፈረሚያ ይዛ አለቃው ዘንድ ገብታ ነበር። በሩ ተዘግቷል። መስታወቱ ጋ እሱና እኔ ብቻ ነን።

«አለቃ፣ እናትሽስ?»

«ውስጥ ናት።»

«ስትወጣ ንገሪልኝ። ትፈርም ብያለሁ። እናትሽን ከማስቸግር ብዬ ነው፣ ሰው ይላክልኝ እያልኩ።» ፊቱ የተጨማደደ ወረቀት ይመስል ነበር። ሊሄድ ዞረ።

ሰዎች እንደሚሉት ልቤ ጮቤ ረገጠ። ያስደስተዋል ብዬ ያቆየሁትን ነገር የምናገርበት ጊዜ መጣ። አፌን ቀዳዳው ላይ አደረግሁና «ፋይሏ ገብቷል» አልኩት።

«የት?»

«እዚያ።» በጣቴ አሳየሁት። «የሚመለሱ ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ። እዚያ የገባ ሰው ይመለሳል። ቤተሰቡም ሁለተኛ አይመጣም።»

ሰዓት ሠሪው ቁም ሣጥኑን በመስታወቱ አሻግሮ አየው። ሰንበር ያለበትን ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየው።

«ማን ነው ያስገባው?»

«እኛ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሐሙስ። ውል ልንፈራረም ነው።»

«እኔ ረቡዕ ለመንኳቸው… ሐሙስ…» አለ ለራሱ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምስጢር ነው መሰለኝ፣ አይደል?»

«አዎ።» እውነትም ምስጢር ነበር።

«ገባኝ። እናትሽ ልትነግረኝ አስባ አልተፈቀደላትም። ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ለማንም አልናገርም፣ አለቃ። አንቺም አትናገሪ፣ እንጀራዋ ነው።» ከረሜላ ሊያሾልክልኝ ሲል አመለጠውና ከወዲያ በኩል ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንሥቶ እንደገና ሰጠኝ። እናቴን ሳይጠብቅ ደረጃውን ሲወርድ የጫማው ኮቴ ይሰማኝ ነበር፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ።

እነዚያን ቢሮዎች የማያውቅ ሰው፣ አንድ አዋቂ የስምንት ዓመት ልጅ ያለችውን እንዴት ያምናል ይላል። ይታመናል። መስታወት ጋ ቆሞ የከረመ ሰው ደብዳቤውን ማመን ይተውና የበር አከፋፈት፣ የጸሐፊዋን ፊት፣ የዘበኛውን ሰላምታ ማንበብ ይጀምራል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይጠረጥራል፣ ሾልኮ የወጣውን ወሬ ያምናል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዓት ሠሪው ፊቱ ፈክቶ ነበር የሚመጣው። ደብዳቤውን ሳያነብ ወደ ኪሱ ይከተዋል። በዓይኑ ጠቀስ ያደርገኛል። እናቴም ደብዳቤውን እየጻፈች ትሰጠዋለች። ጠረጴዛው ላይ ፋይሉ እንደሌለ ልብ አላለችም፤ ስሙንና ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፣ የቀረው እንደሆነ ያው ነው። አንድ ቀን «ሰውየው ተጽናንቷል፣ ደግ ነው» አለች። ትፈርም ወይስ አትፈርም የሚለው ምን ላይ እንደደረሰ ግን አልጠየቀችውም። ቢነግራትም መስማት የምትፈልግ አልመሰለኝም።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ሰኞ አለቃው አንድ ወረቀት አመጣላትና ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። «ቶሎ ቶሎ» እንኳ አላለም። እናቴ አነበበችው። ተነሥታ ክምሩን መፈለግ ጀመረች፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና ወረቀቱን እንደያዘች ፊት ለፊቱ ቆመች። ረጅም ጊዜ ነው የቆመችው። ዞራ አየችኝ። እኔ ሥራዬ ተደረሰበት ብዬ፣ ልትስመኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሚጣ፣ የጫማሽን ክር እሰሪ» አለችኝ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ኮቷን ለበሰችና ወደ ቤት ሄድን።

ረቡዕ ሰዓት ሠሪው መጣ። እናቴ የሰጠችው ወረቀት የወትሮው አልነበረም፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቆሞ አነበበው።

«ሰባት» አለ።

እናቴ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሰች።

«ማን አብሯት ቆመ?»

«አላውቅም፣ አባባ» አለች እናቴ። ታውቅ ነበር።

ሰባት ዓመት ነበር፤ እኔ ሰባት ቀን ነው የመሰለኝ። በሰባት ቀን ትደርሳለች ብዬ ነው የተረዳሁት። ሰው በደስታ ብዛትም ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ወደ ቀዳዳው ተጠግቼ «አላልኩዎትም?» አልኩት።

ሰዓት ሠሪው አየኝ። አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልነበረም።

«ብለሽኛል፣ አለቃ» አለ።

ከዚያ ወዲያ አልመጣም፣ ልክ እንደ ሌሎቹ። ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት በማግሥቱ ነው።

ቁም ሣጥኑ የምን እንደሆነ ያወቅሁት አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለ ሥራዋ ስታወራ በመሃል ጣል አደረገችው፤ «የሞቱትንና የተፈረደባቸውን የምናስቀምጥበት» አለች። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ። ተቀምጠሽ ስትቆዪ እግር ይደነዝዛል አይደል፣ ብትቆነጥጪው አይሰማሽም፤ እንደዚያ ነበር የሆንኩት። እግር ሲሆን በኋላ ይነዝራል፣ ይለቃል። እኔ እስኪለቀኝ ጠበቅሁ፤ አልለቀቀኝም። በሕይወቴ ትልቁን ነገር ያጠፋሁት ስምንት ዓመቴ ላይ ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ለባሌም አልተነፈስኩም። ፋይሏን ባልደብቀው ኖሮ አንድ ሰው ያነብበው ነበር፣ ሰው ይላክላት ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት።

ለእናቴ የነገርኳት አርባ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ወጥ ቤት ተቀምጣ የሳምንቱን መድኃኒት ለየቀኑ ስትለይ፣ «እማዬ፣ የሰዓት ሠሪውን ልጅ ፋይል ቁም ሣጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ከክኒኖቹ ዓይኗን ሳትነቅል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፍርዱ የመጣ ቀን። ልከተው ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ቀድሞ ገብቶ አገኘሁት፣ በቦታው።» አንድ ክኒን ለየች። «ሁለት ወር ሙሉ ማንም ፈልጎት አያውቅም ማለት ነው። እኔም አልፈለግሁትም። ደብዳቤውን ግን እየጻፍኩ ነበር።»

«ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮስ?»

«ጠረጴዛ ላይ ይውል ነበራ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር በዚህ አለቀ። ቀለለኝ ልበላችሁ? አልቀለለኝም። እናቴ ቀጥላ፣ ልጅቱ ፍርዷን ጨርሳ ከተመለሰች ብዙ ዓመት እንደሆናት፣ የአባቷን ሱቅ ይዛ እንደምትሠራ ነገረችኝ። «በዚያ መንገድ አላልፍም» አለች።

እኔ ሄድኩ። ሱቁ ሁለት ሰው አያስቆምም። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ የአባቷን አጉሊ መነጽር አጥልቃ የአንድ ሰው ሰዓት ሆዱን ከፍታለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና የመጣሁበትን ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«የት ከተትሽው?» አለች።

«ቁም ሣጥን ውስጥ።»

«ግራጫው?»

«አዎ።» የቢሮ ቁም ሣጥን ሁሉ ግራጫ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

መነጽሩን አወለቀች። ከጠረጴዛው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። እናቴ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነበሩ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ በቀናቸው ተራ ተደርድረው። «ፋይሉን ተዪው» አለች። «ፋይል ምን ያደርጋል። እናትሽ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«አንድ ደብዳቤ ትጻፍልኝ። እውነቱን። አባቴ የሞተው እኔ እዚያ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ነው። አትፈርሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የበላሁሽ እንዳለ ነው የሞተው። ሰው እንደማይላክ እያወቁ ማንም እንዳልነገረው ተጽፎ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እናቴ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ «በተመለከተ» ብላ ጀመረችና ቀደደችው። ሁለተኛውንም ቀደደችው። ሦስተኛው ይህ ነው፦ «ያን ጊዜ ጉዳይሽን የተከታተለ ማንም አልነበረም። ችሎትሽ ላይ የቆመ የለም፤ እንዲቆም የታዘዘም የለም። አባትሽ በግልጽ ጠይቀውኝ ነበር። ማንም እንደማይሄድ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።» ከሥሩ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ሃያ ስምንት ዓመት ስትጽፍ በራሷ ስም የፈረመችው ደብዳቤ ይህ ብቻ ነው። ፈርማ ስታበቃ ሄዳ ተኛች።

በማግሥቱ ወሰድኩላት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችና እንደገና መለሰችው።

«ቀን የለውም» አለች።

«ረስታው ይሆናል።»

እስክሪብቶ ገፋ አደረገችልኝ። «ጻፊበት።»

«የዛሬን?»

«የዛሬ ምን ያደርግልኛል። እንድፈርም የሰጡኝ ጊዜ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የነበረውን ረቡዕ ጻፊ።» ቀኑን ከነዓመቱ ነገረችኝ።

«ለምን እሱን?»

«ያን ቀን አባቴ ቆርጦ ነበር። ፈርሚና ነይ፣ ሌባም ይበሉሽ፣ እኔ ልጄን አውቃለሁ ሊለኝ ነበር። እዚያ ቢሮ የሄደውም ይህንኑ ሊነግራቸው ነው። ማታ ስደውል ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። እየሳቀ ነው ያነጋገረኝ። አትፈርሚ አለኝ። ፋይልሽ የሚመለሱ ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ግራጫ ነው አለኝ። ማን ነገረህ ብለው፣ ውስጥ የምትቀመጥ ልጅ አለች፣ ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች አለኝ።»

ይህን ስትናገር ቀና ብላ አላየችኝም። ድምፅዋም አልተለወጠም። እስክሪብቶውን አንሥቼ ቀኑን ጻፍኩ።

ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ ይዛ ቆየችና በአሥራ አንዱ ደብዳቤዎች መካከል በቀኑ ተራ አስገብታ ቆርቆሮውን ከደነችው። ከኋላዬ ባትሪ ሊያስቀይር የቆመ ሰው ነበር፤ ቦታ ለቀቅሁለት።